ጌም መፈተሽና ጌም መጫወት ለየቅል ናቸው

«ጌም ተጫወቱ፣ በዶላር ይከፈላችኋል» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ያልደረሰው የጎንደር ወጣት ጥቂት ነው። ቀጥሎ «ለመመዝገቢያ» ተብሎ ብር በቴሌብር ላክ ይባላል። ሊቀጠር የመጣን ሰው ገንዘብ የሚጠይቅ ቀጣሪ ሌባ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያሻም። የሚቆጨኝ እውነተኛው የጌም ፍተሻ ሙያም ከማጭበርበሪያው ጋር ተደርቦ ተረት መምሰሉ ነው።

ሙያው አለ፤ ግን ጨዋታ አይደለም። ፈታሽ የሚሰጠው ገና ያላለቀ ጌም ነው። አንዱን በር ደጋግሞ ይከፍታል፤ በሩ እየተከፈተ ስልክ ቢደወልስ? ኢንተርኔት ቢቋረጥስ? ስልኩ ቢሞላና ቦታ ቢያጣስ? ጌሙ ሲበላሽለት ይደሰታል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ መጻፍ። «ጌሙ ይዘጋብኛል» ብሎ ብቻ የላከ ፈታሽ፣ ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ «አሞኛል» ከማለት በቀር የማይናገር በሽተኛ ነው። የስልኩ ዓይነት፣ የአንድሮይዱ ስሪት ቁጥር፣ ምን ነክቶ ምን እንዳስከተለ በቅደም ተከተል፣ ምን መሆን ሲገባው ምን እንደሆነ ካልተጻፈ ፕሮግራመሩ ስህተቱን ሊያገኘው አይችልም። ተስተካከለ ሲባልም እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ አንዱ ሲጠገን ሌላው ይበላሻልና።

የውጭ አገሩ ሥራም ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለም። ፈታሾች በጌም ኩባንያዎች ዝቅተኛ ተከፋዮች ከሚባሉት ናቸው፤ ብዙዎቹም በኮንትራት ይሠራሉ። የ«ኮል ኦፍ ዱቲ» ጌሞችን ከሚሠሩት አንዱ በሆነው በሬቨን ሶፍትዌር፣ የኮንትራት ባልደረቦቻቸው ከተሰናበቱ በኋላ ፈታሾቹ በ2022 እ.ኤ.አ. 19 ለ3 በሆነ ድምፅ የሠራተኛ ማኅበር እንዲኖራቸው ወሰኑ። ስህተት ሳይታረም ለገበያ ሲወጣ ምን እንደሚመጣ ደግሞ «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው ጌም አሳይቷል፤ በዲሴምበር 2020 ወጥቶ ሳምንት ያህል እንደቆየ ሶኒ ከፕሌይስቴሽን መደብሩ አነሣው።

እኛ ጋ ግን ፈታሽ የሚፈለገው ከምናስበው በላይ ቅርብ ነው። ጎግል ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የግል አካውንት የሚከፍት አዲስ ፕሮግራመር አፑን በፕሌይ ስቶር ከማውጣቱ በፊት ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲሞክሩለት ያስገድዳል። መጀመሪያ 20 ሰው ነበር፣ ኋላ ወደ 12 ወረደ። ጎንደር ውስጥ ማራኪም አዘዞም ያለ ጀማሪ ፕሮግራመር ምን ያደርጋል? ጓደኞቹን ይለምናል። እነሱም አንዴ ከፍተው «አሪፍ ነው» ብለው ይተዉታል። ጓደኝነት ነው እንጂ ፍተሻ አይደለም።

አሳዛኙ ነገር ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው ሞልቶናል። በርካሽ ስልክ መጫወት ለምደናል። የአማርኛ ፊደል በባዶ ሣጥን ሲተካ ከኛ ቀድሞ የሚያየው የለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት በጠፋበት በአማራ ክልል የኖረ ሰው ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የቱ አፕ እንደሚሠራ፣ የቱ እንደሚደርቅ ሳይማር ያውቃል (ባናውቀው ይሻል ነበር)። የጎደለው የሪፖርት አጻጻፉ ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህራን አንዱ ቡድን የሠራውን የመመረቂያ ፕሮጀክት ሌላው ቡድን እንዲፈትሸው አድርገው ለሪፖርቱ ማርክ ቢሰጡ፣ ተመራቂው ሥራ ሲጠይቅ የሚያሳየው ጽሑፍ ይኖረዋል። ለዚህ አዲስ በጀትም አዲስ ሕንፃም አያስፈልግም።