«አትጨነቂ» ማለቱን እንተወው

የአክስቴ ልጅ ቤሩት ናት። ስልክ ሳታነሳ ሁለት ሰዓት ካለፈ አክስቴ በልቧ ለቅሶ ትቀመጣለች። እህል አይወርድላትም፣ እንቅልፍም የለም። እኛ ዘመዶቿ ደግሞ ተራ በተራ እንመክራታለን። «ተይ እንጂ፣ አታሟርቺ! ሥራ ይዟት ነው።» እሷም «እናት ካልተጨነቀች ማን ይጨነቅላት?» ትላለች። በመከርናት ቁጥር ለጭንቀቷ ጠበቃ ትቆማለች።

ጭንቀቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ፣ በ2024ም ጦርነቱ ሲበረታ እዚያ የነበሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። «ምንም አትሆንም» የሚለው ማጽናኛችን ስለዚህም ነው የማይገባላት።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ሚለር ከመጠጥ ጋር የሚታገሉ ሰዎችን ሲያክም፣ ሰው በተመከረ ቁጥር ለያዘው ነገር ጠበቃ እንደሚቆም አስተውሏል። በ1982 ኖርዌይ ሳለ ወጣት ባለሙያዎች «ለምን እንዲህ አልክ?» እያሉ ሲጠይቁት አሠራሩን ጽፎ አስቀመጠው፤ በዓመቱ ታተመ። ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባለው፣ ሰው የሚለወጥበትን ምክንያት ራሱ እንዲናገር የሚረዳው የውይይት ዘዴ ያ ነው። የሚያመነታ ሰው በልቡ ሁለቱንም ወገን ይዟል። የለውጡን ወገን እኛ ከወሰድንበት፣ ለእሱ የሚቀረው አለመለወጡን መከላከል ነው። ዘዴው ዛሬ ለጭንቀት ሕክምናም ይውላል። የቆየ አስተሳሰብም እንደ ሱስ ለባለቤቱ የሚሰጠው ነገር አለውና። ለአክስቴ መጨነቅ መውደድ ነው። «ተይው» ስንላት «ልጅሽን አትውደጂ» ያልናት ያህል ነው።

ሰሞኑን ቡና ላይ «መጨነቁ ምን ያደርግልሻል?» ብዬ ጠየቅኳት። ከልቤ ነበር። ብዙ አወራች፣ አላቋረጥኳትም። «ስትጨነቂ የምትጠብቂያት ይመስልሻል» አልኳት። «እንዴታ!» አለችና ዝም አለች። ቆይታ «ግን ስትደውል አለቅስባታለሁ። አሁን አሁን መደወል ፈርታለች መሰለኝ» አለች። ይህን እኛ ብንላት ትቆጣ ነበር።

ባለሙያዎቹ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ትዝ አለኝ። «ይህን መለወጥ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ያስፈልግሻል?» አልኳት። «4» አለች። «ለምን 1 አላልሽም?» እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ለምን 10 አልሆነም?» ብላት ኖሮ የማትለወጥበትን ምክንያት ትደረድርልኝ ነበር።

«ድምፄን ስትሰማ ደስ እንዲላት እፈልጋለሁ» አለችኝ። እሁድ ልጅቷ ስትደውል መጀመሪያ ምን እንደበላች እጠይቃታለሁ ብላለች።