ፊላው ከታጨደ ምን ሊታይ ነው?

ሰሞኑን የሐዋሳ ሐይቅን ዳርቻ ለጎብኚ ስለመክፈት በተነሳ ውይይት ላይ፣ ዳር ዳሩን ስለበቀለው ረጅም የውሃ ሣር «ፊላው ወፎቹን ስለሚጋርድ ይጠረግ፤ ወፍ እንደሆነ ሰው ይለምዳል፣ የአሞራ ገደሉን አባ ኮዳ ማየት ነው» ተባለ።

አባ ኮዳን ምስክር አድርጎ ማቅረብ ያሳፍራል። አባ ኮዳ ጥንብና የዓሣ አንጀት በል ትልቅ ወፍ ነው፤ በዓሣ ገበያው በአሞራ ገደል አስጋሪው ቢላዋ ሲያነሳ ዙሪያውን የሚሰለፈው ሰው ዘንድ ስለሚጠግብ ነው። የውሃ አበባ ቅጠል ላይ እየተራመደች ነፍሳት የምትለቅመው ጃካና ግን ከሰው የምትፈልገው ነገር የለም። ቅጠሉ ሲጠፋ እሷም ትጠፋለች።

«ይጋርዳል» የሚለው ደግሞ ረግተው ተቀምጠው ወፍ አይተው የማያውቁ ሰዎች ወሬ ነው። ሸማኔ ወፍ ጎጆዋን የምታንጠለጥለው አገዳው ላይ ነው። ቢጫ ምንቃርና ቀይ እግር ያላት ትንሿ ጥቁር ወፍ የምትወጣው ፊላውና ውሃው በሚገናኙበት ጠርዝ ነው። ጠርዙን አጭዳችሁ ምን ልታሳዩን ነው? ባዶ ውሃ?

ጎብኚው ወፍ የሚያጣው በሰዓት ምርጫው ነው። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ትሆናለች፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል የላባው ቀለም ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትመጣ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል፣ ነፋሱም ውሃውን ያናውጠዋል። በ10 ሰዓት በሙዚቃ ታጅቦ መጥቶ ፊላውን መክሰስ ግፍ ነው! በፊላው መሀል ክፍተት መርጦ፣ ደማቅ ልብስ ሳይለብሱ፣ 20 ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። 8 በ42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ይበቃል፤ 10 እጥፍ የሚያጎላው ጀልባ ላይ ይንቀጠቀጣል። በጀልባ የሚሄድ ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቶ በመቅዘፊያ ይጠጋ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከሆነ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡትም ይገኛሉ።

ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፣ እሱ የሚያልፍበት ጨለለቃም ትናንት ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ከከተማው የሚወርደውን ጎርፍ ዳርቻው ላይ የሚያዘገየውና አፈሩን በሥሩ የሚይዘው ይኸው ይታጨድ የተባለው ፊላ ነው።

ገንዘብ ካለ ከፊላው ጀርባ ሁለት ሦስት የእንጨት ማማ ይሠራ፣ ፊቱ በአገዳ ተከልሎ ለዓይን ቀዳዳ ይተውለት። በሩ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይከፈት። ድምፅ ማጉያም እስከ ረፋድ አይከፈት።