ስክሪኑን መልሱልን!

ወገን፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ማስታወቂያ መረረኝ፤ ዛሬ ሆዴ ውስጥ የታመቀውን ካልተነፈስኩት እንቅልፍም አይወስደኝ።

የክፍያውን ቴሌቪዥን ካቋረጥኩ ከርሟል። የገባሁበት በ2013 የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ እዚያ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር ነው፤ ቤተሰቡም ለመደው። በኋላ ኑሮው እንደምታውቁት ሆነ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ዘይቱም ጤፉም የልጆች ትምህርት ቤትም ጨመረ፣ የፓኬጁም ዋጋ ባለበት አልቆመም፣ ደሞዝ ግን ያው ደሞዝ ነው። ወር በደረሰ ቁጥር «ክፍያዎ ሊያበቃ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ ከመሶቡ ቀንሼ መክፈል አልቻልኩም። አቋረጥኩ፤ አልተጸጸትኩበትምም። ኳስ ያማረው ወጣት ሰፈር ውስጥ ኳስ ማሳያ ቤት ገብቶ ያያል። እኛ ቤት ያለነው ደግሞ በነፃው ዲሽ እንኖራለን ብለን ተቀመጥን።

ደሴ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጣሪያችን ላይ ሁለት ዲሽ አለ። አንዱ ወደ ጦሳ ተራራ ዞሮ ናይልሳትን ይይዛል፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ቀና ብሎ ኢትዮሳትን። 2012 ላይ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ኢትዮሳት ሲዛወሩ ከተማው ሁሉ ጣሪያ ላይ ነበር፤ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት የሚታሰረውን ሲግናል መቀበያ) የሚገዛው፣ ዲሽ የሚያዞረው፣ ከታች ሆኖ «መጣ! ጠፋ!» እያለ የሚጮኸው። 11105፣ ሆሪዞንታል፣ 45000 የምትለዋን ፍሪኩዌንሲ ያልሸመደደ የለም። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድና ዝናቡ ሲበረታ ሲግናሉ ይሄዳል። በዚህ ማንንም አልወቅስም፣ የፈጣሪ ሥራ ነው። የኔ ብሶት ሰማዩ ጠርቶ፣ መብራቱ ኖሮ፣ ሲግናሉ ሞልቶ እያለ ስለምናየው ነገር ነው።

እናቴ በሳምንት አንድ ቀን የምትጠብቀው ድራማ አላት። የዚያን ቀን ሥራዋን ቀድማ ትጨርሳለች፣ ቡናው ይቀራረባል፣ ጎረቤታችንም ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። ድራማው «ባለፈው ክፍል» ብሎ ይጀምራል፤ ባለፈው ያየነውን ግማሹን እንደገና ያሳየናል። ከዚያ የመግቢያው ዘፈን። ከዚያ «ይህን ድራማ ስፖንሰር ያደረጉልን» ይመጣል፤ የሶፋው፣ የመጋረጃው፣ የሜካፑ፣ የተዋናዮቹ ልብስ፣ የቀረጻው ቦታ ሳይቀር ባለቤቱ ይመሰገናል። በስንት መከራ ታሪኩ ይጀምራል። ሰውየው በሩን ከፍቶ ይገባና «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» ይላታል። ማስታወቂያ! ያውም ድምፁ ከድራማው እጥፍ የሚጮህ ማስታወቂያ። የተኛው ሕፃን በርግጎ ይነሳል፣ ሁላችንም ሪሞት ፍለጋ እንራኮታለን፣ ድምፁን እንቀንሳለን። ድራማው ሲመለስ ደግሞ ተዋናዮቹ የሚሉት አይሰማም፣ መልሰን እንጨምራለን፤ ጨምረን ሳንጨርስ ሌላ ማስታወቂያ ይጮህብናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ሰውየው ገና በሩ ሥር ቆሟል። በረካው ሲደርስ «ይቀጥላል» ይላል። እናቴ «ምን አላት?» ብላ ትጠይቃለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ምንም አላላትም!

ይሄ ማስታወቂያ በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ የሚሄድ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። አሁን ከስክሪኑ ላይ አይወርድም። ከታች የሚሮጥ ጽሑፍ አለ፣ ከላይ ስልክ ቁጥር አለ፣ ከጎን ደግሞ አፓርታማ ይሸጣል። ምስሉ ተጨፍልቆ ጥግ ይያዝና የምናየው ሰው ፊት ከመዳፍ ያነሰ ይሆናል። በቀደም አንድ ሐኪም ስለ ደም ግፊት እየተናገረ ነበር። እናቴ ግፊት አለባት፣ ስለዚህ ቤቱ ፀጥ ብሎ ነበር የምንሰማው። ሐኪሙ የሚበላውንና የማይበላውን በሠንጠረዥ አስቀምጦ «እዚህ ላይ እንደምትመለከቱት» አለ። ምኑን እንመልከት? የሠንጠረዡን ታችኛውን ግማሽ «ቅድመ ክፍያ ብቻ ከፍለው የቤት ባለቤት ይሁኑ» የሚል ጨርቅ የሚያህል ጽሑፍ ሸፍኖታል። ሐኪሙ ወደ ሌላ ጉዳይ እስኪያልፍ ድረስ አልተነሳም። አንዲት የታመመች ሴት ምን መብላት እንዳለባት የምትማርበት ደቂቃ ላይ! ይህን ስክሪን የሚቆጣጠረው ባለሙያ ፕሮግራሙን አያየውም?

ደግሞ እኔ ደሴ ተቀምጬ ስለ ቦሌ፣ ስለ ሲኤምሲ፣ ስለ አያት ባለ ሦስት መኝታ ቤት በአንድ ምሽት ስንቴ ነው የምሰማው? እዚህ ሰኞ ገበያ ወርዶ ቲማቲምና ሽንኩርት ይዞ መመለስ ፈተና የሆነበት ሕዝብ ነው ያለው። ልጆቻችን የአዲስ አበባን የሪል እስቴት ሳይቶች በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ እዚሁ አጠገባችን ያለውን ገራዶን ጠይቋቸው፣ በቴሌቪዥን አይተውት አያውቁም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው። ወሎ በቴሌቪዥን የምትመጣው በበዓል ነው። ገና ሲደርስ ላሊበላ፣ ከዚያ ዘፈን፣ ከዚያ የወሎ ቆንጆ፣ ከዚያ ቻው። ባቲና አምባሰል ሲነሱ ቅኝቱ ብቻ ነው የሚነሳው። ባቲ በሰኞው ገበያ ግመሉና በሬው ስንት ዋለ? ውጫሌ በኩል ማሽላው እንዴት ነው? ከኮምቦልቻ ወዲህ መንገዱ ምን ላይ ነው? ይሄን የሚነግረን ሰው የለም። ቅኝታችንን ይወዱታል፤ እኛም እንወደዋለን፣ እንኮራበታለን። ግን ቅኝቱን የፈጠረው ሕዝብ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ልጅ ያስተምራል። እሱንም አሳዩት።

ማስታወቂያ ለጣቢያ እስትንፋሱ መሆኑን አውቃለሁ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያስወጣ ትልቅ ገቢ ነው የቀረባቸው። ሕጉን ለልጆቼ ስል እደግፈዋለሁ፤ ጣቢያዎቹ መጎዳታቸውም አይጠፋኝም። ሳተላይት በዶላር ነው የሚከፈለው፣ ጋዜጠኛውም ካሜራ የሚሸከመው ልጅም ደሞዝ ያስፈልገዋል። ማስታወቂያ አታሳዩ ያለ የለም። ግን ማስታወቂያ አስነጋሪው ገንዘቡን የሚሰጣችሁ እኛ ስላለን ነው እኮ! እኛ ሪሞቱን አንስተን ወደ ሌላ ከሄድን ለማን ልታሳዩለት ነው? «በነፃ ነው የምታዩት፣ ዝም በሉ» የሚለኝ ሰው ይሄን ያስብልኝ።

የሚሄደውም እየሄደ ነው። ልጆቹ የጦሳውን ዲሽ ከፍተው ኤምቢሲ 2 እና ኤምቢሲ አክሽን ላይ ተክለዋል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ፣ ጽሑፉ በአረብኛ፣ እነሱ በአማርኛ እየገመቱ። በአገራቸው ቋንቋ የሚያዩት የልጆች ፕሮግራም ፈልጌላቸው ነበር፤ ያገኘሁትም ቢሆን ጥሩ ተረት እየተነገረ መሀል ላይ ይቆረጥና ሳሙና ይመጣል። እናቴ ያለማቋረጥ አንድ ነገር የምታየው እሁድ ጠዋት ቅዳሴውን ነው። ጎረቤታችን ሐጂም እንዲሁ፣ ከመካ በቀጥታ የሚተላለፈውን ከፍተው በሰላም ይቀመጣሉ። ከነዚህ ሌላ ሳይጮህብን ያየነው ፕሮግራም ትዝ አይለኝም።

የጣቢያ ኃላፊዎች፣ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። የማስታወቂያውን ድምፅ ከፕሮግራሙ ጋር እኩል አድርጉት። ሰው እየተናገረ፣ ሐኪም እያስረዳ ስክሪኑ ላይ አትለጥፉ፤ ቦታና ሰዓት ሰጥታችሁት ለብቻው ይምጣ፣ እናየዋለን። የአንዱ ቤት ግንባታ ማስታወቂያ በአንድ ምሽት ከተወሰነ በላይ አይደጋገም። ደሴም ወልድያም ላይ ካሜራ የያዘ አንድ ልጅ መድቡ፤ በየገበያው ቀን ገበያ ይውረድና የእህልና የከብት ዋጋ ይንገረን። ይሄንን የሚያይላችሁ ሰው ከምታስቡት በላይ ነው።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ መርሳ፣ ወልድያ ያላችሁ፣ እናንተም ቤት እንዲህ ከሆነ እዚህ ሥር አስተያየት ጽፋችሁ ብቻ አትለፉ። የየጣቢያው ስልክ ስክሪኑ ላይ አለ፤ ደውሉላቸው። እኔ ነገ ጠዋት ሥራ ሳልገባ እደውላለሁ፣ ስለ ደም ግፊቱ ፕሮግራምም ሠንጠረዡን ሳይሸፈን እንዲደግሙልን እጠይቃለሁ።