ለጀርባ አጥንት የተሰጠ ክብር

ቀውስ በመጣ ቁጥር መንግሥታት ለትንንሽ ንግዶች የሚገልጹት ፍቅር በወጉ ሳይመሰገን መቅረቱ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። በደኅናው ጊዜ ስማቸው ከግብር መዝገብ ውጭ የማይነሣ ሰዎች፣ መከራው በገባ ማግስት «የኢኮኖሚው የጀርባ አጥንት» ተብለው በማይክሮፎን ሲወደሱ መስማት አንጀት ያርሳል። ማዕረጉም ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም፤ ሸክሙን የሚችለው የጀርባ አጥንት፣ እህሉን የሚቀምሰው ግን አፍ መሆኑን የማያውቅ የለም። የኮሮና ወረርሽኝ ዓመታት ይህን የአካል ክፍሎች የሥራ ድልድል ደግመው ስላስታወሱን፣ ውለታው ሳይረሳ ጥቂት ምስጋና ላቅርብ።

ከአሜሪካ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በጸደቀው ሕግ፣ ሠራተኞቹን ሳይበትን ለቆየ ድርጅት ወደ ስጦታ የሚለወጥ የደመወዝ መክፈያ ብድር ሲዘጋጅ፣ «ትንሽ» የሚለው ቃል እስከ 500 ሠራተኛ ያለውን እንዲያቅፍ ተደረገ፤ ለምግብ ቤቶችና ለሆቴሎች ደግሞ 500ው በየቅርንጫፉ ለየብቻ እንዲቆጠር ተፈቀደ። በዚህ ስሌት መቶ ቅርንጫፍ ያለው ኩባንያ መቶ ጊዜ ትንሽ ነው፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከሁለት ረዳቶቹ ጋር የሚሠራው ሰው ግን ትንሽ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ወረፋ ላይ ቢቀደም ቅር ሊለው አይገባም። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጠው የበርገር ቤቶች ኩባንያ ሼክ ሻክ 10 ሚሊዮን ዶላር፣ የሎስ አንጀለስ ሌከርስ የቅርጫት ኳስ ቡድንም 4.6 ሚሊዮን ዶላር ያገኙት በዚሁ የትንሽነት ጸጋ ነው። ሁለቱም ገንዘቡን መልሰዋል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን መመለሳቸው ሳይሆን በደንቡ መሠረት ለመውሰድ መብቃታቸው ነው።

ገንዘቡን የማደሉ ሥራ ለባንኮች መሰጠቱ ከሁሉ ይልቅ ሊወደስ የሚገባው ጥበብ ነው። ትንሹ ነጋዴ በደኅናው ዘመን ደጃፉን ሲያንኳኳ «መያዣ አለህ ወይ?» ብሎ የሚሸኘውን ተቋም፣ በክፉ ቀን የመንግሥት የእርዳታ እጅ አድርጎ መሾም ለሁለቱም የዕርቅ ዕድል ይፈጥራልና። መንግሥት ለባንኮቹ ድካም ይከፍለው የነበረው የአገልግሎት ዋጋም በጥንቃቄ የተሰላ ነበር፤ እስከ 350,000 ዶላር ለሚደርስ ብድር 5 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ሆኖ 2 ሚሊዮን ላልሞላው 3 ከመቶ፣ 2 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ለሆነው 1 ከመቶ። መቶኛውን ብቻ ያየ ሰው ለትንሹ የተዳላ ይመስለዋል። ሆኖም የ20,000 ዶላሩ ማመልከቻ ለባንኩ 1,000 ዶላር ሲያስገባ፣ የ10 ሚሊዮኑ 100,000 ዶላር ያስገባል፤ የባንክ ሰዎች ሒሳብ ማወቃቸው ደግሞ እንደ ነውር ሊቆጠርባቸው አይገባም። ማመልከቻ መቀበል የተጀመረው ኤፕሪል 3 ነበር፤ ለብቻቸው የሚሠሩት፣ ማለትም ከትንንሾቹም ትንሾቹ፣ እንዲያመለክቱ የተፈቀደላቸው ኤፕሪል 10 ነው፤ ለብድሩ መጀመሪያ የተመደበው 349 ቢሊዮን ዶላር ተሟጦ ያለቀውም ኤፕሪል 16 ነው። በርካታ ባንኮች የቀድሞ ደንበኞቻቸውን ስላስቀደሙ፣ «ላለው ይጨመርለታል» የተባለው ቃል በ13 ቀን ውስጥ ተፈጸመ። (ለእውነት ሲባል፣ ኋላ ገንዘብ ሲጨመር ብዙ ትንንሾችም ደርሷቸዋል፤ ይህን የምጠቅሰው ምስጋናዬ የተጋነነ እንዳይመስል ነው።) ለደረሳቸውም ቢሆን የሚያዘወትሩት ሥራ አልታጣላቸውም፤ ብድሩ ወደ ስጦታ እንዲለወጥላቸው የሚጠይቁበት የመጀመሪያው ቅጽ 11 ገጽ ነበር። ሥራ ለጠፋበት ሰው 11 ገጽ ሙሉ ሥራ መስጠት ሥራ ፈጠራ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ብሪታንያ በበኩሏ ችኮላን አክብራለች። በመጀመሪያው የብድር መርሐ ግብሯ መንግሥት ለ80 ከመቶው ዋስ ሆኖ ሳለ፣ ባንኮች ነጋዴውን የግል ዋስትና ጭምር መጠየቃቸው ጩኸት አስነሣ፤ ስለዚህ ከሜይ 4 ቀን 2020 ጀምሮ እስከ 50,000 ፓውንድ የሚደርስ፣ መንግሥት መቶ ከመቶ ዋስ የሆነበት ብድር መጣ፤ ስለ ንግዱ ሁኔታ የሚመሰክረውም አመልካቹ ራሱ ሆነ። ባንኩ የሚያጣው ነገር ስለሌለ የሚጠረጥረው ነገር አልነበረውም። በዚህ መንገድ 47 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፈሰሰ በኋላ፣ ማጭበርበርን የመከላከል ኃላፊነት የነበራቸው ሚኒስትር ሎርድ አግኒው በጃንዋሪ 2022 በሎርዶች ምክር ቤት ቆመው ቁጥጥሩን በምሬት ነቀፉና እዚያው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ቀውሱ ሲመጣ ሥራ ላይ እንኳ ያልነበሩ ከ1,000 በላይ ኩባንያዎች ብድሩን ማግኘታቸውንም ተናገሩ። ነገሩ የገባቸው አይመስለኝም። ነግዶ መክሰር በማንም ላይ ይደርሳል፤ ሳይነግዱ መክሰር ግን እጅግ የከፋ ጉዳት ነውና ካሳው ፈጥኖ መድረሱ ተገቢ ነበር።

ከጃፓን ደግሞ ሐዘንን በሚዛን መለካት ተምረናል። ለድርጅት እስከ 2 ሚሊዮን የን፣ ለብቻው ለሚሠራ ሰው እስከ 1 ሚሊዮን የን የሚያስገኘው ድጎማ፣ ገቢው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ በ50 ከመቶ የወረደበትን ነጋዴ ይፈልግ ነበር። በ49 ከመቶ የወረደበት ሰው በደንቡ ዓይን ገና አልተቸገረም፤ መፍትሔው ግን በእጁ ነው፤ የቀሩትን አንድ ሁለት ደንበኞች አባሮ ሐዘኑን ማሟላት ይችላል። ድጎማውን የማደሉ ሥራ የተሰጠው ማኅበርም 76.9 ቢሊዮን የን ከተዋዋለበት ሥራ አብዛኛውን ለግዙፉ የማስታወቂያ ኩባንያ ለዴንትሱ አሳልፎ ሰጠ፤ ዴንትሱም ለሌሎች አስተላለፈ፤ ትንሹን ለመርዳት በተጠረገው መንገድ ላይ ትልልቆቹ ሳይቀምሱ አላለፉም።

ፍጻሜውን በማሳመር ግን ጀርመንን የሚስተካከል አላገኘሁም። በ2020 የጸደይ ወራት እስከ 5 ሠራተኛ ላለው እስከ 9,000 ዩሮ፣ እስከ 10 ላለው እስከ 15,000 ዩሮ የ3 ወር አስቸኳይ ድጋፍ ተሰጠ፤ ፍጥነቱን ያየ ሁሉ ከልቡ አመሰገነ። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ገንዘቡ ለኪራይና ለመሰል የንግድ ወጪ እንጂ ለባለቤቱ የዕለት ጉርስ አልነበረም፤ ባለቤቱ ከራበው ለችግረኞች የሚሰጠውን የማኅበራዊ ድጎማ ደጅ መጥናት ይችል ነበር፤ እናም ንግዱ በላ፣ ነጋዴው ጾመ። በሬው ሳሩን ሲግጥ ገደሉ በደንቡ ግርጌ ተጽፎ ኖሯል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሒሳባችሁን አቅርቡ፣ በእነዚያ ወራት የገባላችሁ ገቢ ጉድለታችሁን ከሸፈነ የተረፈውን መልሱ የሚል ደብዳቤ መጣ። ሰሜን ራይን ዌስትፋሊያ በተባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞች በ2022 እና በ2023 ገንዘቡን መልሱ የሚሉትን ውሳኔዎች ሕገ ወጥ ናቸው አሏቸው፤ ዳኞች ለዚህ ዓይነቱ ውበት ዓይን የላቸውም። በሩን በተፈቀደለት ቀን ከፍቶ፣ ደንበኞቹን መልሶ ሰብስቦ፣ ድጋፉ የተሰጠበትን ዓላማ ያሳካው ሰው ገንዘቡን መልስ ተብሏል። «የጀርባ አጥንት» የሚለውን ማዕረግ ግን መልስ ያለው የለም።