ለመልስ የሚከፍለው ማን ነው?

በቴሌግራም ቻናሎችና በቲክቶክ ላይ «ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የሰዎችን ጥያቄ በመመለስ ብቻ በዶላር ተከፈሉ» የሚል ማስታወቂያ ማየት ከተለመደ ሰነባብቷል። ማስታወቂያውን ከሚለጥፉት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ጥያቄ መልሰው ስላገኙት ገቢ እምብዛም አያወሩም፤ የሚሸጡት ሥልጠናውን ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡን ከነጭራሹ ውሸት ነው ብሎ ማጣጣል አይቻልም፤ በኢንተርኔት ላይ ለመልስ ገንዘብ የሚከፈልበት ገበያ ከሃያ ዓመት በላይ ዕድሜ አለውና። እኔን የሚያሳስበኝ ወጣቶቻችን ወደዚህ ገበያ እንዲገቡ የሚመሩበት በር ነው። ማንም ሰው ሊመልሰው ለሚችለው ጥያቄ የሚከፍል ደንበኛ ድሮም ጥቂት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ጨርሶ ሊጠፋ ተቃርቧል፤ ገንዘብ እያገኘ የዘለቀው ስሙንና ሙያውን አስይዞ የሚመልስ ሰው ነው።

የገበያውን ታሪክ ማስታወስ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 «ጉግል አንሰርስ» የተባለ አገልግሎት ሲጀምር ጠያቂው ለጥያቄው የሚከፍለውን ዋጋ ራሱ እንዲተምን አድርጎ ነበር። ዋጋው ከ2 ዶላር እስከ 200 ዶላር ሊሆን ይችል ነበር፤ ከዚህም ሦስት አራተኛው ለመላሹ ሲደርስ ቀሪውን ጉግል ይወስድ ነበር። መላሾቹም ማንም ዘው ብሎ የገባ ሰዎች አልነበሩም፤ ተመዝነው የተመረጡ ነበሩ፤ ቁጥራቸውም ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። አንድ ጥሩ መልስ ለማዘጋጀት ሰዓታት የሚፈጅ ጥናት ይጠይቅ ስለነበር፣ ሥራው ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና ለጡረተኞች የሚመጥን እንጂ በአቋራጭ ለመክበር ለሚፈልግ የሚሆን አልነበረም። እንዲህ በጥንቃቄ የተደራጀው አገልግሎት ግን እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ላይ አዲስ ጥያቄ መቀበል አቆመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሥራ የጀመረው «ያሁ አንሰርስ» ለመላሾች ከነጥብ በስተቀር አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ድረስ ቆየ። ሰው በነፃ የሚያገኘውን መልስ ገንዘብ ከፍሎ አይገዛም፤ ለሌላው ደግሞ «ይህን እኔ አውቀዋለሁ» ማለት ብቻውን በቂ ደስታ የሚሰጠው ብዙ ሕዝብ አለ። ገንዘብ የሚፈልግ መላሽ ከዚህ ሕዝብ ጋር በዋጋ ተወዳድሮ ሊያሸንፍ አይችልም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው «ጀስት አንሰር» እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። እዚያ የሚመልሱት ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ የእንስሳት ሐኪሞችና መካኒኮች ናቸው፤ ፈቃዳቸውና የሥራ ልምዳቸው ሳይታይ አይገቡም። ውሻው ቸኮላት በልቶበት በእኩለ ሌሊት የተደናገጠ ሰው ስለ ቸኮላትና ስለ ውሻ የተጻፈ ነገር በነፃ ማግኘት ይችላል። የሚከፍለው ግን የእሱን ውሻ ክብደት፣ የበላውን መጠንና ያለፈውን ሰዓት ጠይቆ «አሁኑኑ ወደ ክሊኒክ ውሰደው» ወይም «እስከ ጠዋት ጠብቅ» ለሚለው ባለሙያ ነው። የገዛው ነገር ከመረጃ ይልቅ ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ለእኛም አዲስ አይደለም። በፍርድ ቤቶች አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ገቢያቸውን የሚያገኙት መጻፍ የማይችል ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ማንበብና መጻፍ የሚችለውም ባለጉዳይ ይሄድባቸዋል። አቤቱታው በየትኛው ችሎት እንደሚቀርብ፣ ምን ምን ማስረጃ እንደሚያያዝ፣ የትኛው አባባል መዝገቡን እንደሚያስመልስ ለዓመታት እዚያው ተቀምጠው ስላዩት ባለጉዳዩ የሚከፍለው ለዚያ ልምድ ነው። ነገሩ ቢበላሽ ደግሞ በማግሥቱ ጸሐፊውን የት እንደሚያገኘው ያውቃል። በኢንተርኔት ላይ ከሚመልሰው ስም የለሽ ሰው የሚጎድለው ይህኛው ነው።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ከዲቪ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የዲቪ ማመልከቻ በተከፈተ ቁጥር በየኢንተርኔት ቤቱ የሚሰለፈው ሰው በመሠረቱ ጥያቄ ለሚመልስለት ሰው የሚከፍል ደንበኛ ነው፤ ቅጹ ላይ የሚጠየቀው ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የትዳር ሁኔታና ልጆች ነው። ቅጹን የሚሞላለት ሞዪ በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ሰው ማስተናገድ ስለሚፈልግ አያጣራም። በሕግ ያገባውን ሰው «ያላገባ» ብሎ የሞላ፣ ወይም ልጁን ያላስገባ ሞዪ፣ አመልካቹ ዕጣ ከወጣለትና ብዙ ወጪ አውጥቶ ለቃለ መጠይቅ ከቀረበ በኋላ ቪዛውን ያስከለክለዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዘው ይቆዩና ዕጣው ሲወጣ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቁበታል። መልስ ሸጠዋል፤ ኃላፊነቱን ግን ለደንበኛው ትተውለታል። ይህን ሥራ በአግባቡ የሚሠራ፣ የደንበኛውን ሰነድ አይቶ የሚሞላና ቁጥሩን እዚያው አትሞ የሚያስረክብ ሰው ግን ዋጋውን ከጎረቤቱ እጥፍ ቢያደርግ እንኳ ደንበኛ የሚያጣ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገበያውን ከሥር ነቅንቆታል። «ቼግ» የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከተማሪዎች ወርኃዊ ክፍያ እየሰበሰበ፣ አብዛኞቹ ሕንድ ውስጥ ለሚገኙ የሒሳብ፣ የሳይንስና የምህንድስና ምሩቃን በመለሱት ጥያቄ ብዛት ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ሥራ አስፈጻሚው፣ የተጠየቀውን ሁሉ በራሱ ጽፎ የሚመልሰው ቻትጂፒቲ የተባለ ፕሮግራም አዳዲስ ደንበኞችን እያስቀረባቸው መሆኑን ሲያምኑ የኩባንያው አክሲዮን በአንድ ቀን ዋጋውን ግማሽ ያህል አጣ። ኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት «ስታክ ኦቨርፍሎው» ዕጣም የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሚሊዮኖች ያለ ክፍያ የመለሱበት ይህ ድረ ገጽ በ2021 በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2024 ደግሞ ቻትጂፒቲን የሚሠራው ኩባንያ በመላሾቹ ጽሑፍ እንዲጠቀም ስምምነት አደረገ። የሚያዋርድ መስሎ የታያቸው አንዳንድ መላሾች የጻፉትን ለመሰረዝ ሲሞክሩ አካውንታቸው ታገደ። መላሹ ነጥብ፣ ባለቤቱ ደግሞ ቢሊዮን የሚቆጥሩበት ሥርዓት ይህን ያህል ዓመት መቆየቱ ራሱ ይደንቀኛል።

የቼግ ነገር ሌላም ጥያቄ ያስነሳል። ለተማሪ የቤት ሥራ መልስ መሸጥ ማስተማር ነው ወይስ ማጭበርበር? አስጠኚ ቀጥሮ ልጁን ማስረዳት በየቤታችን ያለና የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲዎቻችን ዙሪያ በየግድግዳውና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚለጠፈው «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ከማስጠናት ጋር አንድ አይደለም፤ በኢንተርኔት ላይም የምዕራብ አገር ተማሪ አሳይመንት በዶላር የሚጻፍበት ሰፊ ገበያ አለ፤ በተለይ ኬንያ ውስጥ ብዙ ወጣቶች ኖረውበታል። እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ በ2020፣ እንግሊዝ በ2022 ይህን ዓይነቱን አገልግሎት በሕግ ከልክለዋል። ገቢው ለጊዜው ደህና ቢሆንም የሠራኸውን ሥራ ለማንም ማሳየት አትችልም፤ ዓመታት ሠርተህ በስምህ የሚቆጠር አንድ መስመር እንኳ አይኖርህም። ስምን አስይዞ መሥራት ነው የሚያዋጣው ብዬ ለምከራከር ሰው ከዚህ የከፋ ንግድ የለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንዱን በር ሲዘጋ ሌላ ከፍቷል የሚሉም አሉ፤ ማሽኑን ለማስተማር ጥያቄ የሚያዘጋጁ፣ መልስ የሚጽፉና የማሽኑን መልስ የሚመዝኑ ሰዎች ያስፈልጋሉና፣ አማርኛ ተናጋሪዎችም ለዚህ ሥራ ሲፈለጉ ይታያል። ዕድሉን አልንቀውም። ነገር ግን ጎረቤታችን ኬንያ ያየችውን እኛም ማየት አለብን፤ ለቻትጂፒቲ አሠሪ ኩባንያ በተዘዋዋሪ ተቀጥረው ዘግናኝ ጽሑፎችን ይለዩ የነበሩ ኬንያውያን በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ተጋልጧል፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ «ሪሞታስክስ» የተባለው መድረክ በድንገት ኬንያን ዘግቶ ሲወጣ ብዙ ሠራተኞች በአንድ ሌሊት ሥራ አጥተዋል። ውል የሌለው፣ አሠሪው የማይታወቅ ገቢ ለቤት ኪራይ የሚታመን ገቢ አይደለም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ደረጃህን ለማሳደግ ይህን ያህል ብር አስገባ» የሚል መልእክት ከመጣ ግን ነገሩ ዝቅተኛ ክፍያ ከመሆንም አልፎ ማጭበርበር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት መቶ ብር ከፍለው አመኔታ ካገኙ በኋላ ብዙ ሺህ የሚያስከፍሉ የቴሌግራም ቡድኖች ያታለሉት ሰው ጥቂት አይደለም።

ሥራው ቢገኝም ገንዘቡን መቀበል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በዓለም ላይ ለትናንሽ ክፍያ የተለመደው ፔይፓል ኢትዮጵያ ላለ ተጠቃሚ መላክን እንጂ መቀበልን ሳይፈቅድ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም አካውንት ይከፍታሉ፤ መድረኩ ይህን ሲያውቅ አካውንቱን ከነተጠራቀመው ገንዘብ ይዘጋዋል፤ ዘመድም አንዳንዴ ዘመድ ሆኖ አይገኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ትልቅ ማበረታቻ ነበር። በሕጋዊው መንገድ የተቀበለ ሰው ከጥቁር ገበያው ዋጋ አንጻር ያጣው የነበረው ልዩነት ያኔ በጣም ጠቦ ነበርና። ይሁን እንጂ 20 ዶላር ለማስገባት የሚጠየቀው የዝውውር ክፍያና ሰነድ 20 ሺህ ዶላር ከሚያስገባው ላኪ ከሚጠየቀው ብዙም ካላነሰ፣ ትንሹ ገቢ መንገድ ላይ ያልቃል። በዚህ ላይ ኔትወርክ ወይም መብራት ሲጠፋ ደንበኛው እየጠበቀ መሆኑን የሚረዳ መሥሪያ ቤት የለም።

እንግዲህ የት ነው ገቢው ያለው? በእኔ ግምት ብዙዎች የሚንቁት የአማርኛ ጥያቄ ውስጥ ነው። ሪያድ ያለች እህት ደሴ ላለ ወንድሟ ቤቷን እንዲሸጥላት ውክልና ልትልክ ትፈልጋለች፤ በቆንስላ የተሰጠው ውክልና አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ እንዳለበት፣ በውክልናው ላይ «መሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ካልሰፈረ ቤቱን መሸጥ እንደማይቻል የሚነግራት ሰው ግን አታገኝም። በዋሽንግተን ዙሪያ ኡበር የሚነዳ ሰው የዓመቱ ግብር ሲደርስ ራሱን እንደ ግል ተዳዳሪ ቆጥሮ መክፈል እንዳለበት ዘግይቶ ይሰማል። እስራኤል ያሉ አረጋውያን የዕብራይስጥ ቅጽ የሚያስረዳቸው የልጅ ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። እነዚህን ጥያቄዎች የማሽን መልስ ገና በቅጡ አልደረሰባቸውም፤ ደንበኛውም በዶላር፣ በሪያልና በሰቅል የሚከፈለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ድንበሩን ማወቅ ግዴታ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና ያገኘ ተወካይ ብቻ ነው፤ በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ስጦታ እየተቀበለ «ኬዝህን እንዲህ ብለህ ጻፍ» የሚለው ሰው ጠያቂውን ከአገር ሊያስባርር ይችላል። የጤና ጥያቄም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ባለሙያው ስለ ግብር፣ ነርሷ ስለ ሕፃን አመጋገብ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የሠራው ሰው ስለ ውክልና፣ መካኒኩ ስለ ሞተር ይመልስ። የመጀመሪያዎቹን መልሶች በነፃ፣ በሙሉ ስሙ ይስጥ፤ ሰው ለግል ጉዳዩ ሲመጣበት ዋጋውን አስቀድሞ ይንገር፤ የማያውቀውን ወደሚያውቀው ይምራ። ገቢው ደሞዝ አይተካም፣ ግን በወር የቤት ኪራዩን ግማሽ ሊሸፍን የሚችልበት ሁኔታ አለ።

ባንኮቻችንና ብሔራዊ ባንክም ከዚህ ሰው ጋር መነጋገር አለባቸው። ከውጭ የሚላክለትን 15 ወይም 30 ዶላር በቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳቡ፣ ያለ ደጅ ጥናትና ያለ ደብዳቤ፣ በቋሚ አነስተኛ ክፍያ የሚቀበልበት አንድ መንገድ ቢዘረጋለት፣ ዛሬ በዘመድ ስምና በጥቁር ገበያ የሚሄደው ገንዘብ ትልቅ ክፍል በሕጋዊው በር ይገባ ነበር። ይህን ለማድረግ አዲስ ሚኒስቴር ማቋቋም አያስፈልግም፤ ለወርቅና ለቡና ላኪ የተጻፈው መመሪያ ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ የሚሆን አንድ ገጽ መጨመር ይበቃል።