«በማን ወጣች?» ማለት ይብቃን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ብትቀየሙም ተቀየሙ።

አንዲት ሴት የባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆና የተሾመች ዕለት በየቢሮው የሚዞረውን ወሬ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «በማን ወጣች?» ነው። ስንት ዓመት ሠራች፣ የትኛውን ቅርንጫፍ ከኪሳራ አወጣች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከማን ጋር ፊልድ ሄደች፣ የማን መኪና ውስጥ ታየች ነው ነገሩ። ከእሷ በፊት እዚያው ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ የቦርድ ሰብሳቢው አብሮ አደግ እንደነበር ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሱን «ሰው አለው» ብላችሁ አለፋችሁት። እንዲያውም በአድናቆት! ሰው ማወቅ ለእሱ ብልጠት፣ ለእሷ ነውር የሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ደግሞስ መንገዱን አቀበት ያደረገው ማን ሆነና? ትልልቁ ነገር የሚያልቀው ስብሰባ ላይ እንዳልሆነ አንካካድም። ስብሰባው ለወጉ ነው። ዋናው ጉዳይ ያለቀው ማታ ሥጋ ቤት ነው፣ ቁርጡ ቀርቦ ድራፍቱ ሲደጋገም። የትኛው ዲስትሪክት እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚነሳ፣ ማን እንደታጨ እዚያ ይሰማል። እሷ በዚያ ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ እንዳያመልጣት እየሮጠች ነው። ሞግዚቷ ከ12 ሰዓት በኋላ አትቆይላትም። እሺ፣ ልጁን ለእናቷ ትታ መጣች እንበል። «ከወንድ ጋር የምታመሸው ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው?» ትሏታላችሁ። ከቀረች ደግሞ «ከሰው አትግባባም» ተብሎ ግምገማዋ ላይ ይጻፋል። መጥታም ቀርታም ጥፋቷ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የማውቃት ሴት አለች። አንድ መምሪያ በተጠባባቂነት ከሁለት ዓመት በላይ መርታለች። ደብዳቤው ተጠባባቂ ይበላት እንጂ ሥራው ሙሉ ነበር፤ ፊርማው፣ የኦዲት ጥያቄው፣ ከላይ የሚመጣው ቁጣም ጭምር። ቋሚ ሹመቱ ሲመጣ ከውጭ ወንድ ተቀጠረ። ማን አለማመደው? እሷ ናታ! ፋይሉን በሙሉ፣ የትኛው ደንበኛ በስልክ ማውራት እንደማይወድ ሳይቀር አስረከበችው። የኮሚቴው ምክንያት «ገና ከወሊድ መመለሷ ነው፣ አናጨናንቃት» የሚል ነበር። አዝነውላት ነው እንግዲህ። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም።

ሕጉ ላይ ብዙ አልቆይም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በሥራ ቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ለሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደሞዟ ይሰጣል። ለአባትየው 3 ቀን። (እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) የሚገባትን ፈቃድ ወስዳ ስትመለስ ከሥራ እንደጠፋች የምትቆጥሯት እናንተ ናችሁ። ሕጉ እንዲህ አላለም።

«ሴት ትልቅ ድርጅት አትመራም» የምትሉ ካላችሁ ስልካችሁን አውጡ። ቴሌብር አለ አይደል? በ2013 ሥራ ሲጀምር የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ፍሬሕይወት ታምሩ ነበሩ። በ2010 ወደ ኃላፊነቱ ሲመጡ በድርጅቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ናቸው። ቴሌብር አስቤዛም፣ የታክሲም፣ የዕድርም ገንዘብ የምትልኩበት ነገር ነው። እናት ባንክንም ሴቶች ጠንስሰውት በ2005 በሩን ከፈተ። ይህን ሁሉ አይታችሁ የምትሰጡት ምስጋና ደግሞ ይገርመኛል፤ «እሷማ ወንድ ናት!» ታዲያ ይህ ምስጋና ነው ስድብ?

ወንበሩን ያገኛችሁ እህቶቼም አልተረፋችሁም። አንዳንዶቻችሁ ከታች ያለችውን ልጅ «እኔ ያየሁትን ትየው» ብላችሁ ከወንዱ አለቃ ብሳችሁ ታንገላቷታላችሁ። የሚስቱ ደሞዝ ከእሱ የበለጠ ቀን ኩርፊያ የሚጀምረውን ባልም ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል።

በዚህ ሰሞን የዕድገት ኮሚቴ የምትቀመጡ አትጠፉም። «ባልሽ ምን ይላል?» የምትለዋን ጥያቄ መተው ካቃታችሁ፣ ቀጥሎ ለሚገባው ወንድም «ሚስትህ ምን ትላለች?» በሉት። 11 ሰዓት ላይ የምትጠሩትን ስብሰባ ጠዋት 3 ሰዓት ጥሩት። ቃለ ጉባኤውንም ክፍሉ ውስጥ ላለችው ብቸኛ ሴት ከምትገፉ በየተራ ያዙት።