ድንጋይ መራጩና ጺሙ

የጥንቱን ታጣፊ ምላጭ መያዝ ያማረው ሰው ምላጩን በአንድ ቀን ይገዛል፤ የሚሳልበትን ድንጋይ ለመምረጥ ግን ዕድሜ አይበቃውም። ብራስልስ የሚኖር አንድ ወዳጄ የቀንድ እጀታ ያለው፣ በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ የተሠራ ምላጭ ከገዛ ወዲህ ቤቱ የድንጋይ መጋዘን ሆኗል፤ ምላጩ ግን እስካሁን ጉንጩን አልነካም።

በድንጋይ መራጮች ዘንድ ድንጋይ የሚከበረው በልስላሴ ቁጥሩ ነው። 1000 የተባለው ሻካራ በመሆኑ የስለቱን መሠረት ያስይዛል፤ ይኸውም የምላጩ ሁለት ጎኖች ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር እንዲገናኙ ያደርጋል። ከዚያ 4000 ወይም 5000ው ጭረቱን ያለሰልሳል፣ 8000ው ያጠራል፣ 12000ው ደግሞ ለቅንጦት ይጨመራል። በጃፓኖች መለኪያ የ1000ው ቅንጣት በአማካይ 11.5፣ የ8000ው 1.2 ማይክሮን ሲሆን፣ የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል፤ ጸጉሩ ራሱ ይህን ያህል አክብሮት የጠየቀ አይመስለኝም። ሁለቱ ጎኖች በ1000ው ላይ ካልተገናኙ ኋላ የሚመጣው ውድ ድንጋይ ሁሉ አያገናኛቸውም። ይሁን እንጂ 1000ው ርካሽ ስለሆነ በጨዋታ መካከል ስሙን የሚያነሣ የለም፤ ሁሉም የሚመጻደቀው በመጨረሻው ድንጋይ ነው።

ወዳጄ ቤልጂየም መኖሩ ደግሞ በሽታውን አባብሶበታል። በአርደን ኮረብታዎች፣ በቪየልሳልም አካባቢ የሚወጣው ኮቲኩል የተባለው ቢጫ የመሳያ ድንጋይ ጋርኔት የተባለ ማዕድን ጥቃቅን ቅንጣቶች ስላሉበት ብረት ይፍቃል፤ ውኃ ጠብ አድርገው በሌላ ትንሽ ድንጋይ ሲያሹት የሚወጣው ጭቃ ወፈር ሲል ቶሎ ይሞርዳል፣ ውኃ እየጨመሩ ሲያቀጥኑት ያለሰልሳል። አንዱ ድንጋይ የብዙዎችን ሥራ ይሠራል ማለት ነው፤ ለድንጋይ ሰብሳቢ ከዚህ የከፋ መርዶ የለም። ስለዚህ ወዳጄ ሌላ መንገድ አበጀ፤ ድንጋዩ ከየትኛው ንጣፍ እንደ ወጣ፣ ላ ቬኔት ይሁን ላ ግሮስ ብላንሽ፣ ልጁን ሊድር እንደ ተነሣ አባት እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ጀመረ። ከጃፓኗ ኪዮቶ አካባቢ የሚመጣውንም አይተወውም፤ ናካያማ የተባለው የዚያ ድንጋይ ማውጫ ስም ዋጋ ስለሚያወጣ የማይገባቸው ድንጋዮችም ማኅተሙን ለብሰው ይሸጣሉና፣ ማኅተም የሚመረምርበት አጉሊ መነጽር ገዝቷል።

ስለቱን የሚፈትነው ከራሱ ላይ አንድ ጸጉር ነቅሎ በምላጩ አፍ ላይ በመልቀቅ ነው፤ ከተቆረጠ ድንጋዩ ተመሰገነ፣ ካልተቆረጠ ሌላ ይገዛል። በፈተናው ብዛት አናቱ ሲሳሳ ጺሙ ግን ደረቱን ሊነካ ደርሷል፤ ተራውን የፋብሪካ ምላጭ ንቆ ትቷልና። በአንድ የንግሥ በዓል ላይ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኙት አንዲት እናት ጺሙን ባዩ ጊዜ እንባቸው መጣ።

«ልጄ፣ ማን ሞተብህ? እኛ ሳንሰማ!» አሉት።

እርሱም ዝቅ ብሎ እጅ ከነሣ በኋላ፣ ማንም እንዳልሞተበት፣ ነገር ግን ጥሩ ድንጋይ እስኪያገኝ ጺሙን እንደማይላጭ በትሕትና አስረዳቸው። እማማ «ድንጋይ» የሚለውን ሲሰሙ ነገሩ የመቃብር መስሏቸው፣ «እግዜር ያጥናህ» ብለው ለሐውልቱ ማሠሪያ 20 ዩሮ አስጨበጡት።

ገንዘቡን ለመመለስ ያደረገው ጥረት ስለ መኖሩ የሰማሁት ነገር የለም። ባለቤቱ እንደ ነገረችኝ ግን፣ ድንጋይ ሲሠራበት መሐሉ ስለሚጎደጉድ፣ በዚያው ላይ ጨምሮ ድንጋዮቹን የሚያቃናበት የአልማዝ ሰሌዳ ገዝቷል። እርሷም «እንግዲህ አሁንስ ትላጫለህ?» ብላ ብትጠይቀው፣ ከድንጋይ በኋላ ስለቱ በቆዳ ላይ መወልወል እንዳለበት፣ ቆዳው የላም ይሁን የፈረስ ግን ገና እንዳልወሰነ ነግሯታል።